ፊት የሰውን ዕድል አይናገርም

የቻይና ፊት አንባቢዎች ግንባር የወጣትነትን፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ጫፍ የጎልማሳነትን፣ ከዚያ በታች ያለው የእርጅናን ዕድል ያሳያል ይላሉ። ወፍራም አፍንጫም የሀብት ምልክት ነው ይባላል። ታዲያ አፍንጫው ቀጭን የሆነው ሰው ምን በደለ?

«የቆየ ባህል ነውና ይከበር» የሚሉ አሉ። ነቀፌታውም ግን የቆየ ነው! ቻይናዊው ሊቅ ሹንዚ ከ2,200 ዓመት በፊት ይህንኑ ልማድ ተቃውሞ ጽፏል። ጨካኞቹ ነገሥታት ጂየና ጆው መልከ መልካምና ግዙፍ ነበሩ፤ ነገር ግን መንግሥታቸውን አጠፉ ሲል ተከራክሯል። ሰው የሚመዘነው በልቡና በሚከተለው መንገድ ነው ብሏል።

አባቶቻችንም «የሰው ሆድ የወፍ ወንድ አይታወቅም» ይላሉ። በፊት ቅርጽ ሥራ መከልከልና ትዳር ማፍረስ አድልዎ እንጂ ጥበብ አይደለም። ሰውን በሥራው እንመዝነው!