ኮንትራታችንን የሚያራዝም መኪና



ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ከጸሎት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንዲት እኅታችን ስልኳን አውጥታ ፎቶግራፍ አሳየችን። ጥቁር መኪና ነው። ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ቸርኬው አዲስ ብር ይመስላል፤ ከፊቱ የቢኤምደብሊው ምልክት አለበት። የላከላት አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሟ ነው። «በፈረንጅ 2008 የተሠራ ሦስት ሲሪየስ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ሊሄድ ስለሆነ በርካሽ ይለቀዋል። እስከ ዓርብ ቀብድ ካልሰጠን ሌላ ሰው ይወስደዋል። ዋጋው ከአንድ ደህና ቪትዝ አይበልጥም» ይላል መልእክቱ። ሁላችንም «ያምራል!» አልን። እውነትም ያምራል። እርሷ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። እኔም በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ደርሶኝ ያውቃልና። ያን ዕለት በአጭሩ የነገርኳትን ዛሬ ለሁላችሁም በሰፊው ልጽፈው ወደድኩ፤ ብዙዎቻችሁ ይህ ፎቶግራፍ ደርሷችኋል፤ ያልደረሳችሁም ይደርሳችኋል።

አሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ያገለገለ የቅንጦት መኪና መግዛት ነውር አይደለም፤ መውደዱም ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን መጠገኛውን ከራሱ ገቢ መክፈል ለማይችል ሰው እንዲህ ያለ መኪና ልንገዛለት አይገባም እላለሁ። የመኪናው ዋጋ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። ወጪው ግን በየወሩ ባሕር ተሻግሮ እኛኑ ይፈልጋል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ መኪና ለምን ይረክሳል? ቢኤምደብሊው ሦስት ሲሪየስ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ፣ መርሰዲስ ሲ ክላስ ከ1993፣ አውዲ ኤ ፎር ከ1994 ጀምሮ የሚሠሩ ናቸው። ከጃፓን ደግሞ የቶዮታ ኩባንያ የሚሠራው ሌክሰስ አይኤስ አለ። ሁሉም ቁመታቸው መጠነኛ፣ ሞተራቸው ብርቱ፣ ውስጣቸው ምቹ ነው። የተሠሩትም አዲስ ሲሆኑ ብዙ ገንዘብ መክፈል ለሚችል ሰው ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ዋስትናው እስኪያልቅ ይነዳውና ይሸጠዋል። ሁለተኛው የግድ የሆነውን ብቻ ይጠግናል። ሦስተኛው የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አራተኛው የእኛ ወንድም ነው። ሦስቱ ሳይከፍሉ ያለፉትን ዕዳ ሁሉ የሚረከበው እርሱ ነው፤ እርሱ ሥራ ከሌለው ደግሞ እኛ ነን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መኪናው ሲያረጅ የመሸጫው ዋጋ ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። በቪትዝ ዋጋ የተገዛ ቢኤምደብሊው ሲሰበር በቪትዝ ዋጋ አይጠገንም። ፍሬኑ፣ የፊት መብራቱ፣ ኮምፒውተሩ ያው የውድ መኪና ዕቃ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። እኅታችን ባሳየችን ዘመን በተሠሩት ባለ ስድስት ሲሊንደር ሦስት ሲሪየሶች ላይ የሞተሩን ውሃ የሚያዞረው ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ እንደ ቀድሞዎቹ በቺንጊያ አይዞርም። በዕድሜ ሲደክም ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይቆማል። ሞተሩ ይግላል፤ ሹፌሩ «ትንሽ ልግፋበት» ካለ ቴስታታው ይጣመማል። የዘይት መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ የዘይቱን መጠን የሚናገረው ኮምፒውተሩ ነው። ባትሪ እንኳ ሲቀየር አዲሱን ለኮምፒውተሩ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፤ ጎማቸው አየር ካለቀበት በኋላም ጥቂት መንገድ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ከተራው ጎማ ይወደዳል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በወጡት ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ ደግሞ ሰንሰለቱን የሚመሩት የፕላስቲክ ቁራጮች እየተሰበሩ ሞተር እስከ ማስቀየር ያደረሱባቸው ዓመታት ነበሩ። የመርሰዲስ ሲ ክላስም በአንዳንድ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮቹ የሰንሰለት መርዘም የታወቀ ሕመሙ ነው። ሌክሰስ ከእነዚህ ይልቅ በጥንካሬው ይመሰገናል፤ ነገር ግን የኋላ መቀመጫው ጠባብ ነው፤ ዕቃውም ከኮሮላ ዕቃ ጋር አንድ አይደለም።

መኪኖቹ ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት፣ ፓምፑና ጎማ ነክ ዕቃው ሳይሰበር አስቀድሞ የተለወጠለት መኪና ብዙ ዓመት በደስታ ይነዳል። ችግሩ እንዲህ የተያዘ መኪና በርካሽ የማይገኝ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ቤይሩት ሁለተኛውን ኮንትራቴን ልጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ወንድሜ ደወለ። «እኅቴ፣ ይህን መኪና ብትገዢልኝ ሠርቼበት ብርሽን እመልሳለሁ፤ አንቺም ስትመጪ የምትሄጂበት ይኖርሻል» አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ልመናው ብቻ አይደለም ያሸነፈኝ። በሰፈራችን «እኅቱ ከዐረብ አገር ገዛችለት» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁት። ያ ወሬ ጣፈጠኝ። የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ የኖርኩበትን ዓመት ሁሉ ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የምትክሰኝ መሰለኝ። ገንዘቡን ላክሁ።

መኪናው አራት ወር ሄደ። በአምስተኛው ወር ጋለ፤ ጋራዥ ገባ። ሜካኒኩ ፈታው፤ የሚያስፈልገው ዕቃ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ታጣ። ከውጭ በሰው ይምጣ ተባለ፤ ላክሁ። የመጣው ዕቃ የሌላ ሞዴል ሆኖ ተገኘ፤ እንደገና ላክሁ። ሲጠገን የካምቢዮው መብራት በራ። ጥፋቱ የመኪናው ብቻ አልነበረም፤ የጋራዡም ብቻ አልነበረም። ሳንጠይቅ ሳናስመረምር የገዛነው እኛ ነን። በመጨረሻ ከገዛንበት ዋጋ እጅግ ባነሰ ተሸጠ። እኔም ልገባ የነበርኩት ሴት አገሬ ለመግባት ሁለት ዓመት ተጨማሪ ፈረምኩ። የታናሽ እኅቴን ሠርግ ያየሁት በቪዲዮ ነው። በሠርጉ ቀን የሚያጅባት መኪና የተከራዩት ከሌላ ሰው ነበር።

ስለዚህ የመኪናን ወጪ በዶላር ወይም በብር አንቁጠረው። በራሳችን ወር እንቁጠረው። በወር 200 ዶላር የምታገኝ እኅት 600 ዶላር የሚጠይቅ ጥገና ቢመጣባት ሦስት ወር ማለት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ተኝታ፣ ለራሷ አንድ ሳሙና እንኳ ሳትገዛ ማለት ነው። «ዛሬ ዶላሩ ብዙ ብር ያመጣል፤ ጥገናው ይቀለናል» የምትሉም አትጠፉም። እውነት ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የምንልከው ብዙ ብር ይሆናል። ነገር ግን መለዋወጫውም በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው አብሮ ወጥቷል።

«ራይድ እሠራበታለሁ» የሚለውን ቃል ደግሞ ለብቻው ልመልከተው፤ ልባችንን የሚከፍተው ይህ ነውና። ይህ መኪና ለታክሲ አልተሠራም። አምራቾቹ ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይመክሩለታል፤ ቤንዚን በወረፋ በሚገኝበት ከተማ መምረጥ አይቻልም። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉድጓዱና የፍጥነት መቀነሻው ሆዱን ይነካዋል። ተሳፋሪ ደግሞ ስለ መኪናው ስም ተጨማሪ አይከፍልም። ሥራ የሚፈልግ ወንድም መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኝ፣ ማንኛውም ሜካኒክ የሚያውቀው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይበቃዋል። በመኪና ሥራ መያዝ የሚፈልግና በመኪና መታየት የሚፈልግ ሰው አንድ አይደሉም። ሁለቱም ፍላጎት የሰው ነው፤ ሁለተኛውን ግን ባለቤቱ ራሱ ይክፈለው።

«እንግዲያውስ ከዱባይ ገዝተሽ ላኪልኝ» ለሚባሉት ደግሞ፦ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ አግዷል። «እኔ መንገዱን አውቃለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ አንድ ድርሃም ከመስጠታችሁ በፊት ከጉምሩክ ይጠየቅ።

በዚያው በኤምሬትስ ከባለቤታችሁ ጋር የምትኖሩና ለራሳችሁ ልትገዙ የምታስቡም አላችሁ። በእናንተ ዘንድ ዕቃውም ሜካኒኩም ይገኛል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከአዲስ አበባው ይቀላል። ሆኖም ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ በአሜሪካ ተጋጭተው በሐራጅ የተሸጡ መኪናዎች ወደዚያ መጥተው ተቀብተው ይሸጣሉ፤ ስለዚህ በሻንሲ ቁጥሩ ታሪኩን አስፈትሹ። ሁለተኛ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. የጣለው ዝናብ በ75 ዓመት ውስጥ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነበር፤ ብዙ መኪናም ጎርፍ ውስጥ ቆሞ አድሯል። ምንጣፉን ገልጣችሁ ጭቃ፣ የመቀመጫውን ሐዲድ ዐይታችሁ ዝገት፣ መስኮቱን ዘግታችሁ የእርጥበት ሽታ ፈልጉ። ኮምፒውተር የበዛበት መኪና ውሃ ከገባበት ሕመሙ አያልቅም።

ወንድም ሥራ ካለው፣ ወጪውንም ራሱ ከቻለና እናንተም ልታግዙት ከወደዳችሁ ደግሞ እነዚህን አስፈጽሙት፦

አንደኛ፣ መኪናው የት የት እንደ ተሠራና ዘይቱ መቼ እንደ ተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ይኑር። ወረቀት የሌለው ሻጭ ምላስ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ይነሣ። አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው ድምፅ አለው። ቁልፉ ሲከፈት የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ሁሉ በርተው፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባቸው። ጨርሶ የማይበራ ካለ አንድ ሰው ነካክቶታል።

ሦስተኛ፣ ሻጩ ያልመረጠው ሜካኒክ በኮምፒውተር ይመርምረው፤ ከሥርም ገብቶ የዘይት መፍሰስ ይይ። የምርመራው ክፍያ ከሁሉ ወጪ ትንሹ ነው።

አራተኛ፣ ከመግዛቱ በፊት ወንድም ራሱ ዕቃ መሸጫ ሄዶ የውሃ ፓምፕ፣ የፍሬን ሸራና የፊት መብራት ዋጋ ጠይቆ ጽፎ ይላክ። የማይገኝ ዕቃ ካለም ያን ጊዜ ይታወቃል።

አምስተኛ፣ ለመኪና ካሰባችሁት ገንዘብ ሲሶው ሳይነካ ለጥገና ይቀመጥ። ያ ሲሶ ከሌለ መኪናውም የለም።

ስድስተኛ፣ ገንዘቡ የእናንተ ከሆነ ሊብሬው በስማችሁ ይሁን። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና መስጠት ይቻላል። «ወንድሜን እንዴት አላምነውም» አትበሉ። እርሱ ታማኝ ቢሆን እንኳ ነገ ትዳር አለ፣ ሞት አለ፣ ዕዳ አለ። ወረቀት ፍቅርን አይቀንስም።

ይህን ሁሉ ስል ወንድሞቻችንን ለመውቀስ አይደለም። እነርሱ የእኛን ኑሮ አያዩም፤ የምንልክላቸው ፎቶግራፍ ላይ የአሠሪዎቻችን ሶፋና መብራት ነው የሚታየው። የሚኖሩበትን ክፍል፣ የሚያሳምመንን ወገብ አላሳየናቸውም። እነርሱ የመኪናውን ውጭ ይልኩልናል፤ እኛም የቤቱን ውጭ እንልክላቸዋለን። እንግዲህ አንዳችን እንኳ እውነቱን እንጀምር።

ያች እኅታችን ለወንድሟ «የአምስት ዕቃ ዋጋ ጠይቀህ ላክልኝ፤ በየወሩም ከገቢህ ስንት እንደምታስቀምጥ ንገረኝ» ብላ ጻፈችለት። ተቆጣ፤ ለአሥር ቀን አልደወለም። ቀብድ ይከፈል የተባለበት ዓርብም አለፈ። ትናንት ደወለላት፤ መኪናው እስካሁን አልተሸጠም፤ ባለቤቱም ውጭ አልሄደም፤ ዋጋውን ግን ቀንሷል አሉ። ወንድሟም የሦስት ዕቃ ዋጋ ይዞ ነበር። ሁለቱን ዕቃ ግን አላገኛቸውም።

ቸር እንሰንብት።