ርእሰ አንቀጽ፦ አሥራ አንዱ ደረጃ



በኖቬምበር 2024 የምርጫ ዕለት አንዲት እናታችን ነጠላቸውን አጣፍተው ከዚህ ሰሌዳ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ዜግነታቸውን ካገኙ ዓመታት አልፈዋል፣ በመራጭነትም ተመዝግበዋል። አላፊ አግዳሚው «መርጫለሁ» የሚለውን ክብ ወረቀት ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲመለስ እሳቸው ከቦታቸው አልተነሡም። ለምን እንዳልሄዱ ሲጠየቁ፣ «ልጄ ጉልበትሽ አይችልም፣ ሰልፉም ረጅም ነው፣ ይቅርብሽ አለችኝ» አሉ።

ልጅቱ ክፉ አስባ አይደለም። ለእናቷ አዝና ነው። ነገር ግን እኚህ እናት በዚያ ቀን ከመኪና ሳይወርዱ መምረጥ ይችሉ ነበር። ይህን እሳቸውም፣ ልጃቸውም፣ እውነቱን ለመናገር ይህን የሚጽፈውም ሰው፣ ማናችንም አናውቅም ነበር። ይህ ርእሰ አንቀጽ የተጻፈውም በዚያ ቀን እፍረት ምክንያት ነው።

እንደሚታወቀው በዚህ አገር ምርጫ የሚካሄደው በየስቴቱ ሕግ ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ ያለው ዘመዳችን በስልክ የሚነግረን ነገር እዚህ ላይሠራ ይችላል። የዲሲውም እንደዚሁ። እኛ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ስለሆነ የምንናገረው ስለ ቨርጂኒያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ዕድሜው 65 ዓመት የሞላ ወይም የአካል ጉዳት ያለበት መራጭ ወደ ምርጫ ጣቢያው መግባት ሳያስፈልገው፣ ከበሩ በ150 ጫማ ርቀት ውስጥ ሆኖ ድምፁን መስጠት ይችላል። የምርጫ አስፈጻሚው ወረቀቱን ይዞ መኪናው ድረስ ይመጣል። መራጩ መኪናው ውስጥ እንዳለ ምልክቱን አድርጎ፣ ሌላ ሰው እንዳያየው በመሸፈኛ ውስጥ ከትቶ ይመልሳል። አስፈጻሚውም ወስዶ ያስገባዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። መታወቂያ መያዝ ብቻ አይዘንጋ። «65 ዓመት የሞላ» ሲል ደግሞ የታመመ ወይም ዊልቸር ላይ ያለ ማለቱ አይደለም። ጤነኛም ቢሆን ዕድሜው ብቻ ይበቃል። እኚያ እናት 71 ዓመታቸው ነው።

ሰልፍ የሚፈራም መላ አለው። ከ2020 ጀምሮ በቨርጂኒያ ያለ ምንም ምክንያት ከምርጫው ቀን 45 ቀን አስቀድሞ በከተማው የምርጫ መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መምረጥ ይቻላል። ያን ጊዜ ብዙ ግፊያ የለም። የምርጫው ዕለት ከሆነ ግን ጣቢያዎቹ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ አነጋገር ከስድስት እስከ ሰባት፣ ክፍት ናቸው። ማታ 1 ሰዓት ሲሆን ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ተራው እስኪደርስ ጠብቆ ይመርጣል እንጂ ተመለስ አይባልም።

ለዐይነ ስውራን ወገኖቻችንም ሕጉ ዝም አላለም። በ2002 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ መሠረት፣ በፌዴራል ምርጫ ጊዜ በእያንዳንዱ ምርጫ ጣቢያ ዐይነ ስውርም ሆነ እጁ የማይታዘዝለት ሰው ብቻውንና በምስጢር የሚመርጥበት ቢያንስ አንድ መሣሪያ መኖር አለበት። የጆሮ ማዳመጫ አለው። የተወዳዳሪዎቹን ስም እያነበበ ያሰማል፣ መራጩም ቁልፍ እየነካ ይመርጣል። መሣሪያው ጥግ ላይ ጠፍቶ ቆሞ ብታገኙት አስፈጻሚውን «ክፈቱልን» ማለት መብት ነው። ልመና አይደለም። ከቤት መምረጥ የሚፈልግ ዐይነ ስውር ደግሞ በኮምፒዩተር የሚነበብ የምርጫ ወረቀት እንዲላክለት መጠየቅ ይችላል። ከሞላው በኋላ ግን ታትሞ በወረቀት መመለስ አለበት። ማተሚያ በሌለበት ቤት ይህ እንዴት እንደሚሆን ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡበት አይመስለንም።

እነዚህ መብቶች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። ቨርጂኒያ በ1985 የራሷን የአካል ጉዳተኞች ሕግ አወጣች። መላውን አገር የሚገዛው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የመጣው ከ5 ዓመት በኋላ በ1990 ነው። ከዚያ በፊት ይህ ስቴት ሰው እንዳይመርጥ በማድረግ የታወቀ ነበር። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ጋም ስፕሪንግስ በሚባለው የጥቁሮች መንደር ይኖሩ የነበሩ አኒ ሃርፐር የተባሉ ጡረተኛ የቤት ሠራተኛ፣ ለመምረጥ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ግብር መክፈል አለብሽ ተባሉ። ገንዘቡ የዛሬው ሰው እንደሚያስበው ትንሽ አልነበረም። እሳቸው ከሰሱ፤ ጉዳዩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1966 ረቱ። በመላው አገር በየትኛውም ምርጫ ላይ መራጭን ማስከፈል የቀረው በዚያ ፍርድ ነው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ሩቅ ሰዎች ከሚማሩ ስለ እኚህ ጎረቤታቸው ቢጠይቁ ደስ ይለናል።

ሕግ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፣ በሩ ላይ ያለው መወጣጫ ደግሞ ሌላ። የኮንግረሱ የምርመራ መሥሪያ ቤት በ2000 ምርጫ ጣቢያዎችን እየዞረ ሲያይ፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ድምፅ መስጫው ክፍል ድረስ ለአካል ጉዳተኛ መሰናክል ያልተገኘባቸው ከ100 ውስጥ 16ቱ ብቻ ነበሩ። በ2008 ቁጥሩ ወደ 27 ከፍ አለ። በ2016 ደግሞ ከ178 ጣቢያዎች ውጪያቸው ሲመረመር ከመቶ 60ው አንድም ሁለትም መሰናክል ተገኘባቸው። መሰናክል የተባለው ትልቅ ነገር እንዳይመስለን፤ ቀጥ ያለ መወጣጫ፣ የተቦረቦረ የመኪና ማቆሚያ፣ በየት እንደሚገባ የሚያሳይ ምልክት አለመኖር፣ እንዲህ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ዎከር የሚገፋን ሰው ከነድምፁ ወደ ቤቱ ለመመለስ አንድ የተቦረቦረ አስፋልት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ፤ ይኸኛው ትንሽ ይከብዳል።

በመካከላችን ብዙ አዛውንቶች በራሳቸው ቋንቋ ተፈትነው ዜጋ ሆነዋል። 50 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ሰው፣ ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን እኚህ ዜጋ ምርጫ ጣቢያ ሲደርሱ የሚሰጣቸው ወረቀት እንግሊዝኛ ነው። በአንዳንድ ካውንቲዎች ወረቀቱ በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የሚጠቅሰው የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ሕንዶችንና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ነው። አማርኛ እዚያ ውስጥ አይገባም። ለእኛ የቀረልን መንገድ በ1982 የወጣው ድንጋጌ ነው፦ ዐይነ ስውር፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። የተከለከሉት አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ወይም ወኪል ብቻ ናቸው። ልጅ ይሆናል፣ ጎረቤት ይሆናል፣ የነፍስ አባትም ይሆናል። ቤት መጥታ የምትንከባከባቸውም ሠራተኛ የእሳቸው አሠሪ አይደለችምና ትችላለች። ረዳት የሆነው ሰው በጣቢያው ቅጽ ይፈርማል።

ይህም ቢሆን ሳይታገሉለት አይጸናም። በ2014 በቴክሳስ አንዲት ሕንድ አገር የተወለዱ እናት ወንድ ልጃቸውን ለአስተርጓሚነት ይዘው ሄዱ። አስፈጻሚዎቹ ልጁ የተመዘገበው በጎረቤት ካውንቲ ነው ብለው ከለከሉት፤ የስቴቱ ሕግ አስተርጓሚው የዚያው ካውንቲ መራጭ ይሁን ይል ነበርና። እናቲቱ ያለ ልጃቸው ቀሩ። በ2017 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የቴክሳስ ሕግ ከ1982ቱ ድንጋጌ ጋር ይጋጫል ብሎ ፈረደ። እሳቸው ግን ፍርዱን ሳያዩ ዐርፈው ነበር። በአርካንሳስ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ምርጫ ከ6 መራጭ በላይ እንዳይረዳ የሚከለክል ሕግ አለ። ይህ ተከሶ፣ በ2025 ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1982ቱ ድንጋጌ ግለሰቦችና ማኅበራት ክስ ማቅረብ አይችሉም አለ። እንግዲህ መብቱ በአንዱ አካባቢ ሲጠነክር በሌላው ይላላል።

በእኛ ቤት ግን መብቱን የሚያላላው ፍርድ ቤት አይደለም። እኛው ነን። ስንቶቻችን ነን አባታችንን ይዘን ገብተን፣ ሳንጠይቃቸው ምልክቱን አድርገን የወጣነው? «እሳቸው ምን ያውቃሉ፣ እኔ አውቅላቸዋለሁ» ይባላል። አንድ ወጣት ይህን እየሳቀ ሲያወራ ሰምተናል። አባትየው ግን አልሳቁም። በአገራቸው የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ሲባሉ እጅ ያወጡ፣ አውርዱ ሲባሉ ያወረዱ ሰው ናቸው። በስተርጅና ደግሞ ልጃቸው እጃቸውን ያነሣላቸዋል።

የቨርጂኒያ ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ረዳቱ ወረቀቱን የሚሞላው መራጩ በነገረው መሠረት ነው። ይህን ምረጥ ብሎ መወትወት፣ በማንኛውም መንገድ ማግባባት አይፈቀድለትም። ከወጣም በኋላ ማንን እንደመረጡ በቃልም ሆነ በምልክት መናገር አይችልም። አውቆ የጣሰ በወንጀል ይጠየቃል። ወንጀሉ ይቅርና ነገሩ ራሱ ነውር ነው። ወላጆቻችን ከእኛ የተለየ ሰው ቢመርጡ ምን ይመጣል? ብንስማማም ባንስማማም የተናገሩትን ምልክት ማድረግ ነው። ከልጃቸው ጋር መግባት የማይፈልጉ ካሉ ደግሞ ምክንያቱን ሳንጠይቅ ሌላ ሰው እንፈልግላቸው። የፈለጉትን ረዳት የመያዝ መብት ሲባል ልጅን ያለመያዝንም ይጨምራልና።

በመጨረሻም የማኅበራችን የራሱ ገበና አለ። የማኅበሩን ኮሚቴ የምንመርጠው ከሕንፃው ሥር ባለው አዳራሽ ነው። ደረጃውን ቆጥረነዋል፤ 11 ነው። በዊልቸር የሚሄዱት ሁለቱ አባሎቻችን ባለፉት ሦስት የኮሚቴ ምርጫዎች አልተገኙም፣ እኛም «አልመጡም» ብለን በቃለ ጉባኤ ጽፈን አልፈናል። ያለመምጣታቸው ምክንያት ግን በቃለ ጉባኤው ላይ የለም።

ራምፕ እንሥራ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንድ የግንባታ ባለሙያ የሆነ አባላችን ሒሳቡን አስልቶ አሳየን። በደንቡ መሠረት ለ1 ኢንች ከፍታ 12 ኢንች ርዝመት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ደረጃ 7 ኢንች ነው፤ 11 ጊዜ 7 ማለት 77 ኢንች ከፍታ ነው። ስለዚህ ራምፑ 77 ጫማ፣ ማለትም ከ23 ሜትር በላይ ሊረዝም ነው፤ በመካከል ማረፊያዎችም ይጨመሩበታል። ግቢያችን ይህን አይችልም፣ ካዝናችንም እንደዚሁ። በጎዳናው ማዶ ያለው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ምድር ቤቱ ላይ የመሰብሰቢያ ክፍል አለው፤ በሩም ሰፊ ነው፣ ደረጃም የለውም። ቡና ማፍላት አይፈቀድም ተብሏል። ይህ የብዙ ሰው ቅሬታ እንደሚሆን እናውቃለን። ቢሆንም ቡናውን ከስብሰባው በኋላ በየቤታችን ብንጠጣ ይሻላል እንላለን።

የአዳራሹ ለውጥ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለውሳኔ ይቀርባል። ደረጃውን መውረድ የማትችሉ አባላት ሐሳባችሁን ለኮሚቴው ጸሐፊ ንገሩ፣ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ድምፃችሁን ይቀበላል። ለሚቀጥለው የከተማና የስቴት ምርጫ አዛውንቶችን በመኪና ለማድረስ የምትችሉ ሁሉ፣ ከዚህ ሰሌዳ በታች በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ስማችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ጻፉ። እስክሪብቶው በክር ታስሯል፣ እባካችሁ አትውሰዱት።