ባለቤቱ ሲከሰስ ክለቡ አብሮ አይታሰር

አንድ ነጋዴ በወንጀል ተከሶ ሱቁ ቢዘጋ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። የእግር ኳስ ደጋፊ ግን ባለቤቱ ስለተከሰሰ ክለብ አይቀይርም። ጨዋታው በየሳምንቱ ይቀጥላል፤ የሠራተኛው ደመወዝም ቀኑን ጠብቆ መከፈል አለበት። ባለሀብቱ ፍርድ ቤት ሲመላለስ የክለቡን ቀዳዳ ማን ይደፍናል? የእንግሊዙ በርሚንግሃም ሲቲ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

የሆንግ ኮንጉ ባለሀብት ካርሰን ዩንግ ክለቡን በ81.5 ሚሊዮን ፓውንድ የጠቀለሉት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ሲሆን፣ የገዙትም በሆንግ ኮንግ የአክሲዮን ገበያ በተመዘገበ ኩባንያ በኩል ነበር። ክለቡ በየካቲት 2011 አርሴናልን 2 ለ 1 አሸንፎ የሊግ ዋንጫን ወሰደ። በግንቦት ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በሰኔ ደግሞ ዩንግ ሕገ ወጥ ገንዘብን ሕጋዊ በማስመሰል ወንጀል ተይዘው ተከሰሱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ለገበያ ሰው እንግዳ አይደለም። የዩንግ ንብረት ታገደ። የእናት ኩባንያው አክሲዮን መሸጥ መለወጡ ተቋርጦ እስከ 2014 መጀመሪያ ድረስ ቆየ። የተመረመረ ሒሳብ በወቅቱ ባለመቅረቡም የእንግሊዝ ፉትቦል ሊግ በ2012 ክለቡ ተጫዋች እንዳይገዛ አገደው። መግዛት የተከለከለ ክለብ የቀረው መሸጥ ነው። በ2013 ግብ ጠባቂው ጃክ በትላንድ ለስቶክ ሲቲ፣ ወጣቱ ናታን ሬድመንድ ለኖርዊች ተሸጡ። በግንቦት 2014 ቡድኑን ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ከመውረድ ያዳነችው በመጨረሻው ጨዋታ፣ በጭማሪ ደቂቃ የገባች ጎል ናት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የሊጉ ደንብ ባለቤቱን ሊነካ አልቻለም። ደንቡ የሚያግደው ጥፋተኛ የተባለን እንጂ የተከሰሰን አልነበረም። ፍርዱ የመጣው በመጋቢት 2014 ሲሆን፣ ዩንግ ከ720 ሚሊዮን በላይ በሆነ የሆንግ ኮንግ ዶላር ጥፋተኛ ተብለው ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው። ከክለቡ ኃላፊነት ግን ከአንድ ወር በፊት በገዛ ፈቃዳቸው ለቀው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እርግጥ ነው፣ ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹህ ነው። ክስ ብቻውን ንብረት ያስወርስ ቢባል፣ ተቃዋሚውን ለማክሰር የሚሻ መንግሥት ሁሉ ቀላል መሣሪያ ያገኛል። በ2007 ማንችስተር ሲቲን የገዙት የታይላንድ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ታክሲን ሺናዋትራ በመፈንቅለ መንግሥት የተወገዱ ስለነበሩ፣ የቀረበባቸውን ክስ ፖለቲካዊ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ክለቡን በ2008 ለአቡዳቢ ባለሀብቶች ሸጠው ጥቂት ሳምንታት ሳይቆዩ በአገራቸው ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው።

ይሁንና የአክሲዮን ባለቤትነትና የካዝና ቁልፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህም እንደሚቻል ቼልሲ አሳይቷል። የብሪታንያ መንግሥት በመጋቢት 2022 በሮማን አብራሞቪች ላይ የጣለው ማዕቀብ እንጂ የወንጀል ክስ አልነበረም። ሆኖም ባለቤቱ አንዲት ሳንቲም ሳይነኩ ክለቡ እንዲጫወትና ደመወዝ እንዲከፍል ልዩ ፈቃድ ተሰጠው። በግንቦትም በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፤ ገንዘቡም በታገደ ሒሳብ ተቀመጠ።

በ2025 የጸደቀው የእንግሊዝ ሕግ ባለቤቶችን የሚመረምርና ብቁ ያልሆነውን የሚያስወግድ ነጻ ተቆጣጣሪ አቋቁሟል። ተቆጣጣሪው ፍርድ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ከባድ ክስ በተመሠረተ ዕለት አክሲዮኑ በባለቤቱ ስም ይቆይ፤ የፊርማ ሥልጣኑ ግን ወደ ገለልተኛ አስተዳዳሪ ይዛወር። ባለቤቱ ነጻ ከወጣ ደህና የሰነበተ ክለብ ይረከባል፤ ከተፈረደበትም ገዢ የሚፈልገው ንብረት ይቆያል። በሁለቱም መንገድ አትራፊው ክለቡ ነው።