ጥይት ያጎረሰ እጅ

እርሳስ ሲባል ለተማሪ ልጅ ቶሎ የሚታየው ደብተሩና መጻፊያው ነው። የመጻፊያው እርሳስ ግን ስሙ ብቻ ነው። በውስጡ ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ስለሆነ ልጅ ቢያኝከውም አይመርዘውም። እውነተኛው እርሳስ ያለው በመኪና ባትሪ፣ በአሮጌ ቤት ቀለም፣ እንዲሁም በሽጉጥ ጥይት ውስጥ ነው።

በኮሎምበስ ከሚኖሩት ወገኖች መካከል መሣሪያ ታጥቆ በጥበቃ ሥራ የሚያድር አለ። ሱቁን እስከ እኩለ ሌሊት ከፍቶ የሚያመሽና ለክፉ ቀን ብሎ ሽጉጥ የገዛም አለ። እንዲህ ያለው ሰው በዕረፍት ቀኑ ተኩስ መለማመጃ ሄዶ ሁለት ፓኮ ጥይት ይተኩሳል። ከዚያ ክሊንተንቪል ወደሚገኘው ቤቱ ይመለስና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ፣ ምናልባትም ይህንኑ ጋዜጣ፣ ዘርግቶ ሽጉጡን ይወለውላል። መሣሪያን መወልወል ከአገር ቤት አብሮ የመጣ ደግ ልማድ ነው። ችግሩ ከአፈሙዙ የወጣው ነገር የት እንደሚሄድ አለመታሰቡ ነው።

ለልምምድ የሚገዛ ርካሽ ጥይት፣ በተለይ የ22 እና የ38 ካሊበር፣ ብዙ ጊዜ አረሩ የመዳብ ሽፋን የሌለው እርሳስ ነው። እርሳስ ለስላሳ ብረት ነው፤ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። አረሩ ከአፈሙዙ ስፋት ጥቂት ካነሰ የባሩዱ ትኩስ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ ይልጠዋል። አረሩ ከባሩዱ ኃይል ጋር ሲነጻጸር ከለሰለሰ፣ ቅባቱ ካነሰ ወይም የአፈሙዙ ውስጥ ሻካራ ከሆነም እንዲሁ ይላጣል። የተላጠው እርሳስ በአፈሙዙ ጠመዝማዛ ቦዮች ላይ እንደ ግራጫ ቅርፊት ይለጠፋል። ሽጉጡ ያን ጊዜ ዒላማ መሳት ይጀምራል። ቅርፊቱ ሲበዛ ደግሞ የጋዙ ግፊት ይጨምራል፤ ይህ ለተኳሹም አደጋ ነው።

የማጽዳቱ ሥራ የሚጀምረው ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በማረጋገጥ ነው። ካዝናው ይወጣል። ቀጥሎም ሽጉጡ ጥይት ያላጎረሰ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይታያል። ከበሮ ያለው ከሆነ ከበሮው ተከፍቶ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይቆጠራሉ። ጥይት በሥራው ቦታ አይቀመጥም። ከዚያ አፈሙዙ ለሽጉጥ በተሠራ ማጽጃ ፈሳሽ ይነከርና ለ15 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ቀጥሎ በልኩ የተሠራ የነሐስ ብሩሽ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ይገፋል፤ መሐል ላይ አይመለስም። እንቢ ያለውን እርሳስ ለማውጣት ባለሙያዎች በአሮጌ ብሩሽ ላይ ንጹሕ የመዳብ ክር ይጠመጥማሉ። ለድስት ማጠቢያ ከሚሸጠው ውስጥ መዳብ የተቀባ ብረት ስላለ በማግኔት ይፈተናል። ማግኔት የያዘው አፈሙዝ ይቧጥራልና አይሆንም። በመጨረሻ ነጭ ጨርቅ ገብቶ ግራጫ ሳይዝ ሲወጣ ስስ ዘይት ይቀባል።

ሁለት አጉል ብልሃቶች ግን መቅረት አለባቸው። አንደኛው መዳብ የለበሰ ጥይት በመተኮስ እርሳሱን ጠርጎ ለማውጣት መሞከር ነው። በጠበበ አፈሙዝ ውስጥ ጠንካራ አረር መግፋት ግፊቱን ያንረዋል። ሁለተኛው አቼቶና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀላቅሎ ማፍሰስ ነው። ድብልቁ እርሳሱን ያሟሟዋል፤ የሚሟሟው እርሳስ ግን ከጠጣሩ ይልቅ በቀላሉ ወደ ሰውነት የሚገባ መርዝ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ጣጣ የሚመጣው ሽጉጡ ከጸዳ በኋላ ነው። እርሳሱ ከአፈሙዙ ሲወጣ አልጠፋም፤ ወደ ጨርቁ፣ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ሸሚዙ እጅጌና ወደ ጣት ነው የተዛወረው። መዳብ የለበሰ ጥይት ብቻ የተኮሰም ነጻ አይደለም። በቀለሃው ቂጥ ያለው ማቀጣጠያ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ አለበት። ሐበሻ ደግሞ የሚበላው በእጁ ነው፤ ጉርሻም የፍቅሩ መግለጫ ነው። ጥይት ሲያጎርስ የዋለው እጅ ማታ ልጅን ሲያጎርስ፣ ከእንጀራው ጋር የሚሰጠው ምን እንደሆነ በዓይን አይታይም።

ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም መለየት ስለማይችል በአጥንት ውስጥ ያከማቸዋል። በነፍሰ ጡር እናት አጥንት ያለው ወደ ጽንሱ ይሻገራል። የሚጎዳው በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ነው፤ ትኩረትና ትምህርት የመቀበል ችሎታ ይቀንሳል። ምንም ጉዳት እንደማያደርስ የታወቀ መጠን የለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕፃናት ያወጣው የክትትል መነሻ በአንድ ዴሲሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

ክሊንተንቪል ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከሰፈሩ ቤቶች ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ናቸው። እርሳስ ያለው የቤት ቀለም የታገደው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በመስኮት ጠርዝ የሚላጠው አሮጌ ቀለም ሳያንስ የሽጉጡ ሲጨመርበት፣ ወለል ላይ የሚድኸው ሕፃን ከሁለት ወገን ይከበባል።

እርሳስን መናቅ በዚህ አካባቢ ታሪክ አለው። ከክሊንተንቪል በስተሰሜን ባለችው ወርዚንግተን እ.ኤ.አ. በ1944 የሞተው ቶማስ ሚጅሊ፣ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ እንዲጨመር ያደረገው መሐንዲስ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ተመርዘው ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ አደጋ የለውም ለማለት ፈሳሹን በእጁ ላይ አፈሰሰ። እሱ ራሱ ግን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በእርሳስ ታሞ ፍሎሪዳ ሄዶ ሲያገግም ነበር። ያ ቤንዚን ከዓለም ነዳጅ ማደያዎች ጨርሶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሽጉጥ በወጥ ቤት አይወለወልም፤ በረንዳ ወይም በሩ የተከፈተ ጋራዥ ይሻላል። ልጅና ነፍሰ ጡር አይጠጉም። ጓንት ይደረጋል፤ ቡናም ሲጋራም ሥራው እስኪያልቅ ይቆያል። ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በደረቁ አይራገፍም። የቆሸሸው ጨርቅ በላስቲክ ታስሮ እንደ አደገኛ የቤት ቆሻሻ ይሰጣል። ሸሚዙ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብም። ለትንንሽ ልጆች የደም ምርመራ እንዲታዘዝ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል፤ ሕመሙ ምልክት ሳያሳይ ብዙ ሊቆይ ይችላልና።

በሐበሻ ቤት ከማዕድ በፊት እጅ ማስታጠብ የቆየ ወግ ነው። ሽጉጥ ለወለወለ ሰው ግን በጣት ጫፍ የሚንቆረቆረው ውሃ አይበቃም፤ ሳሙናውን ይዞ እስከ ክንዱ ይታጠብ፣ ሸሚዙን ይቀይር፣ ከዚያ ልጁን ያጉርስ።