«ታን» አክታ ብቻ አይደለም፦ የደረት መታፈን በቻይና ባህላዊ ሕክምናና የተመራማሪው ኃላፊነት

በቻይና ባህላዊ ሕክምና ውስጥ «ታን» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ፈጥኖ የሚመጣለት «አክታ» ነው። ትርጉሙ ከፊል እውነት አለው፤ በምርምር ሥራ ላይ ግን ወደ ስሕተት ይመራል።

በዚህ ሕክምና አስተምህሮ ታን ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ በሳል የሚወጣውና በዓይን የሚታየው፣ ሌላው የማይታየውና በምልክቶቹ ብቻ የሚታወቀው ነው። ምንጩ «ጣፊያ»፣ ማከማቻው ሳንባ እንደሆነ ይነገራል። ይሁንና እዚህ ላይ «ጣፊያ» ሲባል የምግብ መፈጨትንና የፈሳሽን ዝውውር የሚመራ ሥርዓት ማለት እንጂ የምናውቀው የሰውነት ክፍል ብቻ አይደለም። ታን በደረት ሲከማች ሕመምተኛው ደረቱ ይከብደዋል፣ ትንፋሽም ያጥረዋል። ሐኪሙ በምላስ ላይ ወፍራምና ቅባት የመሰለ ሽፋን፣ በደም ሥር ትርታም «ተንሸራታች» የተባለውን ምት ይፈልጋል።

በምሥራቅ ሃን ዘመን ማብቂያ የኖረው ዣንግ ዦንግጂንግ «ሺዮንግቢ» ስለተባለው የደረት መዘጋት ጽፏል። ሕመምተኛው መተኛት ሲሳነውና ሕመሙ እስከ ጀርባው ሲዘልቅ የጓሎው ፍሬ፣ የሺየባይና የባንሺያ ቅመም እንዲሰጠው አዟል። የዛሬ ሐኪም ይህን ገለጻ ሲያነብ አስቀድሞ የልብ ደም ሥሮችን መጥበብ ይጠረጥራል። ስለዚህ የጥንቱ ሐኪም አስተውሎት የሚናቅ አይደለም። አደጋው ያለው ግን በስያሜው ስፋት ላይ ነው፤ በአንድ ስም ሥር የሳንባ ምች፣ የቆየ ብሮንካይተስ፣ የልብ ድካምና የልብ ሕመም ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ለባህላዊ ሕክምና አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል። ምዕራፉ ለመመዝገብና ለመቁጠር የሚያገለግል እንጂ የፈዋሽነት ማስረጃ አይደለም።

«ባህላዊ ሕክምና ለእያንዳንዱ ሰው ተለይቶ ስለሚታዘዝ በዘመናዊ መስፈርት አይለካም» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ አያሳምነኝም። ሕሙማንን በዕጣ መድቦ፣ በአንደኛው ቡድን ውስጥ ሐኪሙ ቅመሙን እንደየሰው እንዲለዋውጥ መፍቀድና ውጤቱን ማወዳደር ይቻላል። ቱ ዮዮ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት የተቀበለችበት አርቴሚሲኒን ፍንጩ ከጥንት መጽሐፍ ቢገኝም ፈዋሽነቱ የተረጋገጠው በቤተ ሙከራና በሕሙማን ላይ በተደረገ ምርመራ ነው።

ስለዚህ በመስኩ የምንጽፍ ሁሉ ሦስት ነገሮችን ልንጠብቅ ይገባል ባይ ነኝ። አንደኛ፣ «ታን» በራሱ ስም ይጻፍ፤ ትርጓሜውም ይብራራ። ሁለተኛ፣ የተጠኝው በሽታ አስቀድሞ በኤክስሬይ፣ በልብ ምርመራና በመሳሰሉት ይለይ፤ የባህላዊው ምደባም እርስ በርስ ሳይመካከሩ በሚመረምሩ ሁለት ሐኪሞች ይረጋገጥ። ሦስተኛ፣ የመድኃኒቱ አዘገጃጀት በዝርዝር ይገለጽ፤ ጥሬ ባንሺያ አፍና ጉሮሮን የሚያቃጥል መርዛማ ሥር በመሆኑ በዝንጅብል ወይም በአልም ሳይታከም አይወሰድም።

ይህ ጥንቃቄ የቃላት ክርክር አይደለም። ልቡ የታመመን ሰው የታን ማጥፊያ ብቻ ሰጥቶ ወደ ቤቱ መመለስ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።