ልጃችን ለምን አፏን ሸፈነች?



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናወጋችሁ ስለ ልጆች ጥርስ ነው፤ በተለይም በወጣትነት ዕድሜ ስለሚታሰረው የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ብዙዎች «ብሬስ» ስለሚሉት። «ይህማ የአዲስ አበባ ሰዎች ቅንጦት ነው» ብሎ ገጹን ሊገልጥ የተዘጋጀ ወላጅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ጭሮ ተቀምጠን ለዓመታት እንዲያ ስንል ነበርና አንፈርድበትም።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ትልቋ ልጃችን 12 ዓመት ሲሞላት በሳቀች ቁጥር አፏን በሻሿ ጫፍ መሸፈን ጀመረች። እኛም ሐያእ መስሎን ደስ አለን፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ አደብ ያዘች» ተባባልን። ቆይቶ ግን የመድረሳው ኡስታዝ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባቷን አስቀሩና፣ «የልጅዎ ሒፍዝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ድምጿን አውጥታ አትቀራም። ተራዋ ሲደርስ አንገቷን ትደፋለች። ምን አገኛት?» ሲሉ ጠየቁ። ቤት ገብተን ብንጠይቃት እንባዋ ቀደማት። ለካስ በትምህርት ቤት «ገጣጣ» የሚል ስም ወጥቶላት ኖሯል። እኛ ሐያእ ያልነው እፍረት ነበር።

አፏን ከፍታ ስታሳየን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት ልብ ብለን አይተነው እንደማናውቅ ገባን። የላይኛው የግራ ክራንቻዋ ከሌሎቹ ጥርሶች በላይ ተደርቦ ወጥቷል። የፊቶቹ ወደ ውጭ ገፍተዋል። ከታች በቀኝ በኩል ደግሞ ክራንቻዋ ጭራሹኑ የለም፤ ጎረቤቶቹ ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ተንጋደዋል። እንጀራ ስትቆርስ ለምን በጎን ጥርሷ እንደምትነክስም ያን ቀን ተረዳን።

ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት ስንል በመጀመሪያ የተቃወሙን ከሂርና የመጡት አያቷ ናቸው፤ ልጆቹ «አኮ» እያሉ የሚጠሯቸው። «አላህ የፈጠረውን እናንተ ልታቃኑ ነው? ጥርሷን የምትነካካ ሴት የተረገመች ናት ሲባል አልሰማችሁም?» አሉን። እኛም ደነገጥን። አያቷ የጠቀሱት እንዲያው የመንደር ወሬ አልነበረምና። ቡኻሪና ሙስሊም ከዓብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ ከነቃሽና ከተነቃሽ ሴቶች ጋር፣ ለውበት ብለው በጥርሶቻቸው መካከል ክፍተት የሚያበጁ ሴቶችም ተረግመዋል። በሀገራችን ፍንጭት ጥርስ ምን ያህል እንደሚወደድ፣ ድድ መነቀስም ምን ያህል የተለመደ እንደነበረ ለሚያውቅ ሰው ሐዲሱ ስለ ሩቅ አገር የሚናገር አይመስለውም።

ጉዳዩን ወደ ኡስታዙ መለስነው። እሳቸውም ቁልፉ «ለውበት» የሚለው ቃል መሆኑን አስረዱን። የአካባቢያችን ሕዝብ በአብዛኛው የሚከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ ታላቅ ሊቅ ኢማም አን-ነወዊይ (በ676 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት) ይህንኑ ሐዲስ ሲያብራሩ፣ ክልክሉ ውበት ፍለጋ ብቻ የሚደረገው እንደሆነ፣ ለሕክምና ወይም በጥርስ ላይ ላለ ጉድለት ሲባል ከሆነ ግን ችግር እንደሌለው ጽፈዋል። ከዚህም ጋር ኡስታዙ የዐርፈጃ ኢብን አስዐድን (ረ.ዐ) ታሪክ አነሱልን። ዐርፈጃ ከኢስላም በፊት በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ የብር አፍንጫ ቢያሠራ ሸተተበት፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ ሐራም መሆኑ እየታወቀ ማለት ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበውታል።

እኛ ፈትዋ ሰጪ አይደለንም፤ የከበደው ወላጅ የራሱን ዓሊም ይጠይቅ። ጥርሱ ደህና ሆኖ ሳለ ሽቦውን እንደ ጌጥ ማሳሰር የሚያምረው ወጣት ግን በእኛ ልጅ ታሪክ አይመካ።

ሙስሊሞችና የጥርስ ሽቦም የትናንት ትውውቅ የላቸውም። በአንደሉስ የኖረው ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (936–1013 እ.ኤ.አ) «አት-ተስሪፍ» በተባለው ባለ 30 ክፍል ሥራው የተነቃነቀ ጥርስ በወርቅ ሽቦ እንዴት እንደሚታሰር፣ ያለ ቦታው የበቀለም እንዴት እንደሚነቀል ወይም እንደሚሞረድ የመሣሪያዎቹን ሥዕል ጨምሮ አስተምሯል። ብር ይበላሻል፣ ወርቅ ግን ባለበት ይጸናል ይላል። የዐርፈጃን አፍንጫ ያስታውሳል።

በ2013 ዓ.ም ነሐሴ ወር አዲስ አበባ ወሰድናት። ያን ጊዜ 13 ዓመቷ ነበር። በየከተማው ያለ የጥርስ ክሊኒክ ይነቅላል፣ ይሞላል፣ ያጥባል፤ ጥርስ አስሮ ማስተካከል ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ስፔሻሊስቶችም በሀገራችን ጥቂት ሲሆኑ፣ ያሉትም በአብዛኛው በዋና ከተማው ነው የሚገኙት። ሐኪሟ ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። «ከምዕራብ ሐረርጌ» ስንል ወደ ልጅቷ ዞራ «ጫት ትቅሚያለሽ?» አለቻት። ልጃችን «አስተግፊሩላህ!» ብላ ተቆጣች። ሐኪሟ ግን ለነገር አልነበረም የጠየቀችው፤ ቅጠሉ በሽቦው ሥር ይሰገሰጋል፣ ከጫቱ ጋር የሚወሰደው ስኳርና ለስላሳ መጠጥም ጥርሱን ይበላል። በገለምሶም ሆነ በበዴሳ ወንድ ልጁን ጥርስ ሊያሳስር የሚያስብ አባት ይህን ጥያቄ ከሐኪሙ በፊት ቤቱ ውስጥ ቢጠይቅ ይሻላል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን ለእኛ ነበር። ሐኪሟ የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጋ ብዙ ካየች በኋላ፣ «በሕፃንነቷ የወተት ጥርስ ተነቅሎላት ነበር?» አለች። ባልና ሚስት ተያየን። ሰባት ወሯ ሳለ ተቅማጥና ትኩሳት ይዟት ነበር። አያቷ ድዷን አይተው፣ «የወተት ጥርስ ነው የያዛት» ብለው በመንደሩ ወደታወቁ ሴት ወሰዷት። እኛም ቤት ነበርን፤ አልከለከልንም። ተቅማጡ በሳምንቱ ሲተው የዳነችው በዚያ መሰለን።

ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳችን። በሕፃን ድድ ላይ በክራንቻ ቦታ ነጣ ብሎ የሚያብጠው በሽታ ሳይሆን ሊበቅል የተዘጋጀ ጥርስ ነው። ከሥሩም ዘላቂው ጥርስ ገና በፅንስ መልክ ተኝቷል። የላይኛው በሹል ነገር ሲቆፈር የታችኛው ይጎዳል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይበቅልም፣ አንዳንዴም ተበላሽቶ ወይም ያለ ቦታው ይወጣል። ደም መፍሰሱ፣ መንጋጋ ቆልፉ፣ ባልታጠበ መሣሪያ የሚተላለፈው በሽታ ሳይቆጠር ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው ደግሞ ጥርሱ ሳይሆን፣ ልጁ መዳህ በጀመረበት ወራት መሬት ለመሬት እያነሳ ወደ አፉ የሚያስገባው ቆሻሻና ያልተፈላ ውኃ ነው። በዚህ ድርጊት ስንት ልጅ እንደተጎዳ ስናስብ፣ «የአላህን ፍጥረት አትንኩ» የሚለው ተግሣጽ መባል የነበረበት የዚያን ዕለት እንደነበረ ታየን። ለአያቷ ግን ይህንን ለመናገር ብዙ ወራት ፈጀብን። ያደረጉት ልጅቷ እንዳትሞትባቸው ፈርተው ነው።

ወደ ሽቦው እንመለስ። ከላይ ቦታ እንዲገኝ ሁለት ትናንሽ መንጋጋዎች ተነቀሉ፤ ከዚያም በየጥርሱ ላይ ቁልፍ የሚያካክሉ ብረቶች ተለጥፈው ሽቦ ተላለፈባቸው። ሽቦው ጥርስን በጉልበት የሚጎትት ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጥርስ ከመንጋጋ አጥንት ጋር የተያያዘው በቀጭን ጅማት ነው። ሽቦው በቀስታ ሲገፋው፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ቀስ እያለ ይሟሟል፣ በስተኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ጥርሱ የሚጓዘው በወር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቢቸኩሉበት ሥሩ ይጎዳል። ሥራው በብዙዎች ላይ 2 ዓመት ገደማ የሚፈጀውም በዚህ ምክንያት ነው።

በጭሮ ለምንኖር ሰዎች ግን ከሚሊ ሜትሩ ይልቅ ኪሎ ሜትሩ ይብሳል። ሽቦው በየ4 እና በየ6 ሳምንቱ መታየት አለበት። ከጭሮ አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 20 ጊዜ ብንመላለስ 13,000 ኪሎ ሜትር! ሌሊት ተነስቶ በሚኤሶ ቆላ መውረድ፣ በአዋሽና በመተሐራ ሙቀት ማለፍ፣ ዘመድ ቤት ማደር፣ በማግሥቱ ለ20 ደቂቃ ሥራ ግማሽ ቀን ወረፋ መጠበቅ። ስለዚህ የሚያስብ ወላጅ የሽቦውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን መንገዱን፣ ማደሪያውን፣ የሚቀረውን ትምህርት አብሮ ይደምር። ከክሊኒኩም የተነገረው ዋጋ ራጁን፣ ነቀላውን፣ የወለቀ ብረት መልሶ መለጠፉንና በመጨረሻ የሚደረገውን መያዣ የሚጨምር መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቅ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ከባድ ነበሩ። ጥርሷ ሁሉ ታመመ፣ የጉንጯ ውስጥ ቆሰለ። ሐኪሟ የሰጠቻትን ሰም በሚወጋው ብረት ላይ መለጠፍ፣ በጨው ውኃ መጉመጥመጥ፣ ሙቅ፣ ገንፎ፣ በወጥ የራሰ እንጀራ። በሳምንቱ ለመደችው። ቆሎ፣ አጥንት፣ ማስቲካ፣ ሸንኮራ አገዳ ተከለከሉ፤ በቆሎም ካልተፈለፈለ። ከሁሉ የከበዳት ጥንቅሽ ነው። ማሽላው በደረሰ ጊዜ የጨርጨር ልጅ ሆኖ ጥንቅሽ አለመንከስ ይቻላል? አንድ ቀን ብረት ወልቆ ተገኘ። «ዳቦ ስበላ ነው» አለችን። በኪሷ ውስጥ የጥንቅሽ ልጣጭ ባይገኝ ኖሮ እናምናት ነበር።

መድረሳም የራሱ ችግር ነበረው። ፋእ የሚወጣው የላይኛው ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር ውስጥ ሲነካ ነው፤ ብረቱ ግን ከንፈሯን ገፋው። ሲንና ሷድ ደግሞ ተንሿሸቱባት። ኡስታዙ ለአንድ ወር ብቻዋን ከፊታቸው እያስቀመጡ አስቀሯት። ምላሷ አዲሱን ቤት ሲለምድ ፊደሎቹም ተመለሱ።

በ2014 ዓ.ም ረመዳን መጋቢት መጨረሻ ላይ ገባ፤ ልጅቷም ብዙ ጥያቄ ነበራት። ውዱእ ስታደርግ ውኃው በሽቦው ሥር ካልደረሰስ? በሻፊዒይ መዝሀብ መጉመጥመጥ በውዱእም በትጥበትም ሱና ነው፤ ስለዚህ ሽቦው ውዱእን አያበላሽም አሏት። ሽቦ የታሰረ ጥርስ በቡርሽ ካልጸዳ በብረቱ ዙሪያ ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል፤ ሽቦው ሲፈታ ጥርሱ ተስተካክሎ ግን ተበልቶ ይገኛል። በእኛ መዝሀብ ደግሞ ጾመኛ ከዙህር ወዲያ መፋቁ የተጠላ በመሆኑ፣ ቡርሹንና ሳሙናውን ከስሑር በኋላ ፈጅር ሳይገባ፣ ከዚያም ከኢፍጣርና ከተራዊሕ በኋላ አደረገችው። መፋቂያዋንም አልተወችም፤ ጫፉን በደንብ አለስልሳ፣ ብረቱን ሳትጎትት።

ጥፋታችንን ደግሞ አንደብቅ። በ2015 ዓ.ም ከጥር እስከ ሚያዝያ ገንዘብ አጠረንና ሦስት ቀጠሮ አሳለፍን። «ሽቦው አፏ ውስጥ አለ፤ ሥራውን ይሠራል» ብለን ራሳችንን አታለልን። ለካስ አንድ ብረት ወልቆ ጥርሱ ወደማይፈለግበት ዞሯል። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ግን ያንን ለመመለስ ብቻ አምስት ወር ተጨመረ። መቅረት ግድ ከሆነ ደውሎ መናገር፣ የወለቀውንም በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ ይቻል እንደነበር ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2016 ዓ.ም ጥር ሽቦው ተፈታ። ልጅቷ በመስተዋት ፊት ምላሷን በጥርሷ ላይ እያንሸራተተች ብዙ ቆየች። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጥርስ የድሮ ቦታውን ይናፍቃል። «ሪቴይነር» የሚባለውን መያዣ በየሌሊቱ ያላደረገ ልጅ በዓመቱ የሁለት ዓመት ልፋቱን ይከስራል። የእኛዋም ባለፈው ክረምት ሂርና ረስታው ሄዳ አባቷ ተሳፍሮ አደረሰላት።

በቅርቡ አያቷ ከሂርና ደወሉ። የታናሽ ወንድማችን ልጅ፣ የስምንት ወሩ፣ ተቅማጥ ይዞታል፤ ድዱም አብጧል። «ሴትየዋ እዚሁ ናቸው፤ ግን...» ብለው ዝም አሉ። ልጃችን ስልኩን ተቀበለችን። «አኮ፣ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። አሁኑኑ። ጡቱንም አታስጥሉት» አለቻቸው። አያቷ ልጁን አዝለው ሄዱ፤ ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ተሰጣቸው። በአራተኛው ቀን ደውለው ተቅማጡ መቆሙን፣ ከታችም ሁለት ጥርስ ብቅ ማለቱን ነገሩን።