ደርሶ መልስ ሆቦነት

መቼም ኢንተርኔት ላይ የማይታይ ጉድ የለም። ሰሞኑን የያዘን ሱስ አሜሪካ ውስጥ የጭነት ባቡር ላይ በነጻ እየተንጠላጠሉ የሚዞሩ ልጆች ቪዲዮ ነው። ፊታቸው ጥላሸት ጠግቧል፤ ሻንጣቸውን ተንተርሰው የእህል ፉርጎ ጫፍ ላይ ተጋድመዋል፤ ከኋላቸው ተራራና በረሃ ይነጉዳል። እኛ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ይህን እያየን ልባችን አብሮ ቢነጉድ ማን ይፈርድብናል? ኪራይ የለ፣ አለቃ የለ፣ «መቼ ነው የምታገቡት?» የሚል ዘመድ የለ!

እውነቱን እንናገር፣ ቀንተናል። ቅናታችን በረድ ሲል ግን ስለ ነገሩ ማንበብ ጀመርን። ማንበብ ደግሞ ጨዋታ ያበላሻል።

ሆቦ የሚባለው ሰው ከመነሻው ሥራ ፈላጊ ነበር። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861-1865) በኋላ ሐዲዱ ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ ስንዴ የሚያጭድ፣ እንጨት የሚቆርጥ፣ ማዕድን የሚቆፍር ጉልበት ተፈለገ። አጨዳው ሲያልቅ ደሞዙም ያልቃል። ለቲኬት የሚሆን ሳንቲም የሌለው ሠራተኛ ታዲያ ፉርጎ ላይ ተንጠልጥሎ ወደሚቀጥለው እርሻ ይሄዳል። ሆቦዎቹ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር፦ ሆቦ እየተጓዘ ይሠራል፣ ትራምፕ ይጓዛል እንጂ አይሠራም፣ ባም ደግሞ አይጓዝም፣ አይሠራምም። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ወደ 250,000 የሚገመቱ ታዳጊዎች ባቡር ላይ ነበሩ። ብዙዎቹ ከቤት የወጡት ጀብዱ አምሯቸው ሳይሆን ማዕድ ላይ አንድ አፍ ለመቀነስ ብለው ነው።

ሕጉስ ምን ይላቸው ነበር? ደራሲው ጃክ ለንደን በ1894 ናያግራ ፏፏቴን ሊያይ ሄዶ «ቦዘኔ» ተብሎ 30 ቀን እስር ቤት ከርሟል። እሱስ እድለኛ ነው። በመጋቢት 1931 አላባማ ውስጥ ከጭነት ባቡር ላይ የወረዱ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ባልፈጸሙት የአስገድዶ መድፈር ወንጀል ተከሰሱ፤ በመጀመሪያው ችሎት ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ባይፈጸምም ዓመታት እስር ቤት በሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ይቅርታ ያገኙት በ2013 ነው፤ ያኔ አንዳቸውም በሕይወት አልነበሩም። ያው ሐዲድ፣ ያው ፉርጎ፣ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም።

ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛም ሀገር በ1996 ዓ.ም. አደገኛ ቦዘኔነትን የሚመለከት አዋጅ (ቁጥር 384/1996) ወጥቷል። «ቦዘኔ» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚያስፈራ ለናንተ መንገር አያስፈልግም። እስቲ አንድ ነገር እንጠያየቅ፦ ድልድይ ሥር ላስቲክ ወጥሮ የሚያድረውን የሰፈራችንን ልጅ «ነጻ መንፈስ» ብለነው እናውቃለን? ጥላሸት የጠገበ ፊቱን አይተን «ምን ዓይነት ሕይወት ነው፣ ታድሎ!» ብለናል? አላልንም። መንገድ ቀይረናል። ድህነት እንግሊዝኛ ሲናገርና ከኋላው ጊታር ሲሰማ ነጻነት ይሆናል፤ አማርኛ ሲናገር ቦዘኔነት። እኛን ያሳፈረን ይህ ነው።

«ታዲያ ምን አለበት? ማንንም አይጎዱም» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ራሳቸውን ይጎዳሉ፣ ወዳጄ። ገጣሚው ዊሊያም ሄንሪ ዴቪስ በ1899 ካናዳ ውስጥ የሚሄድ ባቡር ላይ ልዝለል ሲል እግሩን አጥቷል። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ያለፈቃድ ሐዲድ ላይ የተገኙ ከ400 በላይ ሰዎች በየዓመቱ ይሞታሉ። ሁሉም ባቡር ተንጠልጣይ አይደሉም፤ ባቡሩ ግን ማን መሆንህን አይጠይቅም። ፉርጎዎቹ ሲሳሳቡ አንዱ ሌላውን እንደሚገጭ፣ የተጫነ እንጨት ወይም ብረት ሊንሸራተት እንደሚችል ቪዲዮው አይነግረንም። የተረፈው ነው ቪዲዮ የሚለጥፈው።

ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ስደተኞች «ላ ቤስቲያ»፣ አውሬዋ፣ የሚሏቸው የጭነት ባቡሮች አሉ። ከማዕከላዊ አሜሪካ ተነስተው ጣሪያቸው ላይ የሚወጡት ሰዎች እጅና እግራቸውን ያጣሉ፣ ይዘረፋሉ፣ ይሞታሉ። በሊቢያ በረሃ ዘመድ የቀበረ ሰው ያለበት ሀገር ልጆች ነንና ይህ ሲነገረን ማብራሪያ አንጠይቅም። ከሁለቱ ተሳፋሪዎች የሚለየው ባቡሩ አይደለም። አንዱ ሲሰለቸው ወርዶ እናቱ ጋ ይደውላል። ሌላው ወደኋላ የሚመለስበት የለውም። ደርሶ መልስ ቲኬት በኪስ ይዞ መራብ ጾም ነው እንጂ ረሃብ አይደለም።

እንዳትሳሳቱን፣ ነገሩን ሁሉ አውግዘን ልንዘጋው አይደለም። ከሸቀጥና ከአለቃ መሸሽ መፈለግ የጤነኛ ሰው ስሜት ነው። ማክበሪያ መንገድም አለ። አዮዋ ግዛት ውስጥ ብሪት የምትባል ትንሽ ከተማ ከ1900 ጀምሮ የሆቦዎች ጉባኤ ታስተናግዳለች። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ንጉሥና ንግሥት ይመርጣሉ፣ ከቡና ቆርቆሮ የተሠራ ዘውድ ይጭናሉ፣ ሙሊጋን የሚባል ድብልቅ ወጥ በትልቅ ድስት ሠርተው ያበላሉ። ሙዚየም አላቸው፤ በመቃብር ስፍራውም ለሆቦዎች የተለየ ጥግ አለ። እዚያ ሆቦው ስምና መቃብር ያለው ሠራተኛ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ፍቅር እንወደዋለን፤ ወጡን አብልቶ የሞተውንም ይቆጥራልና።

ስለዚህ ቪዲዮውን እንይ፣ እንመኝም። ግን ስልካችንን ኪሳችን ከትተን ወደ ቤት ስንሄድ ድልድዩ ሥር ያለውን ልጅ ቢያንስ ስሙን እንጠይቀው። እሱም መንገደኛ ነው፤ ካሜራ የያዘለት ሰው ስለሌለ ብቻ ነው ያላየነው።

እስከዚያው ታክሲ ያሳፍረን፣ ነገር አያሳፍረን። ቸር ሰንብቱ!